በደጄ የተከልኩት ሰርዶ

በወረታ ከተማ ለሣር ውሃ ያስቀዳ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በኩራት አይደለም የምለው። ያን ጊዜ ግን ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ጎንደር ተምሬ የመጣሁ መምህር ነበርኩ፤ ኮት ነበረኝ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ኮት የለበሰ ሰው የሚሳሳት አይመስለውም ነበር።

ጎንደር ሳለሁ በየቀኑ የማልፍበት አንድ የባለሥልጣን ግቢ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ የተዘረጋው ሣር ስስና ለስላሳ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የተቆረጠ ነው። ላም አትግጠውም፣ አህያ አይንከባለልበትም። ሰው ማታ ማታ ወንበር አውጥቶ እንዲያየው ብቻ የበቀለ ሣር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የተወለድኩት ቁሐር ሚካኤል ነው፤ እኛ ዘንድ ሣር የከብት ቀለብ ነው፣ ካልሆነም የቤት ክዳን። ወረታ ተመድቤ፣ ሚስት አግብቼ፣ ከከተማው ዳር የቆርቆሮ ቤት ስሠራ ከአልጋ በፊት ያሰብኩት ያን ሣር ነበር። የግቢውን አትክልተኛ ደጅ ጠንቼ፣ ከነሥሩ የተገመሰ ሣር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በጭነት መኪና ላይ አቅፌው መጣሁ።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ጆንያውን ስፈታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ላም ትበላዋለች?» አለችኝ።

«አናስበላትም።»

«ታዲያ ላም የማትበላው ሣር ምኑ ሣር ነው?»

«ለዓይን ነው እማ። ለውበት።»

«ደጁ ሣር የበቀለበትማ ሰው ያጣ ቤት ነው» አለች። «አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች።» ይህን ብላ ወደ ማጀት ገባች። እኔ ሳቅሁባት። ያልተማረች ናት ብዬ ነው የሳቅሁት፤ እውነቱን ለመናገር ከተነሣሁ አይቀር።

ሚስቴ የሐሙሲት ልጅ ነበረች። ነገሯ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ቁም ነገር እንኳ ስትናገር የከንፈሯ ጫፍ ይስቃል። ሣሩን «ጌታው» ብላ ስም አወጣችለት። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትወጣ ጎንበስ ብላ «ጌታው እንዴት አደሩ?» ትለዋለች። «ጌታው ዛሬ ጠምቷቸዋል፤ እኛ ምን ቸገረን፣ ነገ እንጠጣለን» ትላለች። እናቴ እንኳ ሳታስበው ትስቅ ነበር። ያች ቤት እንደዚያ ያለ ሳቅ እንደነበረባት አሁን ለማንም ብናገር የሚያምነኝ የለም።

ክረምቱን ሣሩ ደህና ከረመ። የፎገራ መሬት ግን ጠባዩ ሁለት ነው። ክረምት ውሃው ይተኛበትና ከብት እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፤ በጋ ሲገባ ያው ጥቁር ዋልካ ተሰነጣጥቆ ዶማ አላስገባ ይላል። የእኔ ሣር የደጋ ሣር ነው፤ ከጥቅምት በኋላ በየቀኑ ውሃ ካላገኘ ይቃጠላል። ውሃው የሚቀዳው ከጎረቤታችን ጉድጓድ ነበር። ጎረቤታችን እስላም ነጋዴ ነው፤ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ደግ ሰው። «መምህር፣ ይኸን ጉድጓድ ያስቆፈርኩት ለሰው ነበር» እያለ ይቀልድብኛል እንጂ ገመዱን ከልክሎን አያውቅም። በታኅሣሥ የጉድጓዱ ውሃ ሲያንስ ከከተማው በታች ካለው ምንጭ መቅዳት ግድ ሆነ።

ቀጂዋ ሚስቴ ነበረች። እኔማ መምህር ነኝ፤ እንስራ አዝዬ መንገድ ብወጣ ተማሪ ሁሉ መሳቂያ ያደርገኛል። ነፍሰ ጡር መሆኗን አውቃለሁ። የሰው ሚስት ሁሉ ነፍሰ ጡር ሆና ውሃ ትቀዳለች ብዬ ነበር ያለፍኩት። ይህ እውነት ነው፤ ግን የሰው ሚስት የምትቀዳው ለሚጠጣ ሰው ነበር።

በጥር ወር ከጎንደር የትምህርት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ሣሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ላስቀምጠው ነው አሳቤ። ብመለከት ጠርዝ ጠርዙ ቡላ ሆኗል። «ጠዋትና ማታ አጠጪ ብዬሽ አልነበረም?» ብዬ ጮኽኩባት። ሰባት ወሯ ነበር። «ጌታው ተቆጡ» አለች፤ ለሣሩ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም። በዚያ ቀንና በማግስቱ ስንት ጊዜ ምንጭ እንደወረደች ቆጥሬ አላውቅም። ተቆጣጣሪው መጣ፤ ተቀመጠ፤ ስለ ሣሩ አንድ ቃል ሳይናገር ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ምጥ ያዛት። ውሃው ነው እንዳልል ሐኪም አይደለሁም፤ አይደለም እንዳልል ደግሞ ዓይን ነበረኝ። ሮጬ ስደርስ ሴቶቹ ቤቱን ሞልተውታል። ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል እናቴ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወጣች።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችኝ።

ሌላ አልጨመረችም። ሚስቴ መትረፏን በዚህ አወቅሁ፤ ልጁ አለመትረፉንም በዚሁ አወቅሁ።

እኛ ዘንድ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ካህን አይጠራለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ ልቅሶም አይደረስለትም። ሴቶቹ ራሳቸው በጨርቅ ይጠቀልሉታል፤ ራሳቸው አንድ ቦታ ያሳርፉታል። ወንድ አይጠራም፤ ካልተጠራ ደግሞ አይገባም። ልማዱ ነው አልኩና በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ አንቺ ትረፊ እንጂ ልጅ ይተካል» እያላት ወጣ። እሷም «አሜን» እያለች ተቀበለች። ስታለቅስ አላየኋትም። እኔም አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩ እንደሆነ የሚሉኝን ፈራሁ።

የአራስነት ቀኗን ሳትጨርስ ተነሣች። አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው፤ ብወጣ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ትመለሳለች። «ምን ነካሽ?» አልኳት። «ሣሩ እንዳይደርቅ» አለች። ጌታው አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌታው ብላው አታውቅም።

የካቲትና መጋቢት እንዲያ አለፉ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ ትወርዳለች። ውሃውን መጀመሪያ የምታፈስሰው ከታች፣ በአጥሩ በኩል ካለው ጥግ ላይ ነበር። የተረፈ ካለ ለሌላው ትረጫለች፤ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። የሣሩ መሐል ተቃጥሎ ገለባ ሲመስል ያ ጥግ ብቻ ለምልሞ ይታያል። ለምንጩ መንገድ ስለሚቀርብ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ መጠርጠር የማያውቅ ዓይነት ነበርኩ።

እሷ ግን አለቀች። አንገቷ ቀጠነ፣ ጉንጯ ገባ፣ ስትተኛ ጀርባዋን ይዛ ታቃስታለች። አፌን ፈርታ መሰለኝ። በዚያ በተቆጣጣሪው ሰሞን የጮኽኩባት ጩኸት ውስጧ ገብቶ የቀረ መሰለኝ። አንድ ቀን እንስራውን ከጀርባዋ ላይ ያዝኩና «ይድረቅ! ጥርግ ይበል! ሣር ነው እኮ!» አልኳት። «አይደርቅም» አለችና እጄን አስለቅቃኝ ሄደች። ፈራሁ። ሚስቴ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው አልኩ። ያ ሣር እዚያ ተዘርግቶ እስካለ ድረስ ውሃ መሸከሟን እንደማትተው ታወቀኝ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ስሄድ ነው። ከመንገዱ ዳር ሰርዶ አለ። ተማሪ ይረግጠዋል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ከኅዳር ወዲህ ጠብታ አልነካውም፤ እሱ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ቁጭ ብዬ አንዱን ሐረግ ሳብኩት፤ በየአንጓው ሥር ሰዷል። የደጋውን ሣር ነቅዬ በምትኩ ይህን ብተክል የሚጠጣ ነገር በግቢያችን አይኖርም፤ የሚጠጣ ከሌለ የሚሸከም አይኖርም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ለእሷ ብነግራት እሺ እንደማትለኝ አውቄያለሁ። ግንቦት ሲገባ ግን እናቴ «ማኅፀኗ ጠበል ያስፈልገዋል» ብላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ ጣራ ገዳም ለሳምንት ይዛት ሄደች። እኔ ደስ አለኝ። በዚያው ቀን ቁሐር ለአጎቴ፣ ለእናቴ ወንድም፣ ከእርሻ ላይ የሰበሰቡትን ሰርዶ እንዲያመጡልኝ መልእክት ላክሁ።

አጎቴ በሁለት አህያ ጭነው መጡ። ጭነቱን ሳያራግፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ከጤፍ ማሳዬ ነቅዬ ሳቃጥለው የኖርኩትን፣ የእኅቴ ልጅ ደጁ ላይ ሊተክለው! ኧረ ይኸን ጉድ ለማን ልንገር?»

«ውሃ አይፈልግም ብዬ ነው፣ አጎቴ።»

«እሱማ አይፈልግ። ሞትም አይፈልግም።» ከዚያ ጢማቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ። «በል ከተከልከው በወጉ እንትከለው። ሰርዶን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጠላቴ ነው።»

በወጉም ተከሉት። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሠሩ። የደጋውን ሣር ከነሥሩ በዶማ እየገመሱ አነሡት። ሰርዶውን በስንዝር በስንዝር ቆራርጠው በትልም አስተኙት፤ ግማሹን አፈር አለበሱት፤ በተረከዛቸው ረገጡት። «ርገጠው አንተም፤ ሰርዶ ሲረገጥ ነው የሚወድ» አሉኝ። ኮቴን አውልቄ ረገጥኩ። ከሁሉ የከፋው ግን ክረምቱን አስበው የጨመሩት ነው። የፎገራ ሰው ቦይ ያላወጣለትን ቦታ ተከልኩ አይልም፤ ውሃው እንዳይተኛበት ከታች፣ በአጥሩ ሥር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፈሩ። እኔ ወንበር አውጥቼ የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

«ሌላው ድንጋይ ነበር፤ እዚህ ጥግስ አፈሩ ቅቤ ነው» አሉኝ። ቀና ሳልል «ውሃ የጠጣ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ጨርቅ አለበት» አሉ።

«ልብስ የሚያጥቡት እዚያ ጋ ነው፤ ይጣሉት» አልኳቸው። እዚያ ልብስ ታጥቦ አያውቅም፤ የሚታጠበው ምንጭ ወርዶ ነው። አፌ ላይ የመጣልኝን ነበር የተናገርኩት፤ የማርመውን ደብተር ላለማቋረጥ።

ከቦይ የወጣውን አፈርና የተገመሰውን ሣር አህዮቹ ባዶአቸውን ከሚመለሱ ብለው በስልቻ ጫኑት። መንገዱ ወደ ሜዳው ከሚወርድበት አጠገብ ካለ ጉድጓድ ደፉት። ረቡዕ ሲሰናበቱኝ የመጀመሪያው ዝናብ ጀመረ፤ አጎቴ «አየህ፣ ቀንቶናል» አሉኝ።

ሴቶቹ ቅዳሜ ተመለሱ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። «ከእንግዲህ ውሃ መሸከም የለም!» አልኩ። ድምፄ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እንዴት ያለ የደስ ደስ ያለው ድምፅ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ለቀቀችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሚስቴ በአዲሱ አፈር ላይ ቀጥ ብላ ተራምዳ ወደ ጥጉ ሄደች። ቦዩን አየች። ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አየች።

«አፈሩስ?» አለችኝ።

«ሰርዶ ተክለን...»

«ሰርዶውን አይደለም። ከዚህ የወጣውን አፈር የት ደፋችሁት?»

ያን ጊዜ እናቴ ናት የነገረችኝ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው የሚሰማን ይመስል። «በዚያ ጥር መሬቱ ሁሉ ዶማ መለሰብን፣ ልጄ። እሷ ያጠጣችው ብቻ ነበር የሚቆፈር።»

ሚስቴ ወጥታ ነበር። ተከተልኳት። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ከብት አልፎበታል፤ ሌላ ሰው አመዱን ደፍቶበታል፤ ዝናቡ ሁሉንም አንድ ጭቃ አድርጎታል። ገባች። ተንበርክካ አፈሩን በእጇ እያነሣች፣ በጣቶቿ እየፈተተች፣ ወደ ጎን ታስቀምጥ ጀመር። እኔም ከነኮቴ ገባሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የደፋሁት የሚለቀም አልነበረም። ጭቃውን እያፈስኩ ምን እንደምፈልግ ለራሴ መናገር አቃተኝ። ጨርቅ ነው? አጥንት ነው? በሰባት ወር ምን ያህል አጥንት አለ?

ጎረቤታችን ነጋዴው ከገበያ ሲመለስ አየን። በቅሎውን አቆመና «ምን ጠፋባችሁ?» አለ።

«ቀለበት» አልኩ። «የጋብቻ ቀለበቷ።»

ያ ደግ ሰው ጫማውን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ገብቶ አብሮን ፈለገ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ እስክትል ከእኛ ጋር ጭቃ ሲፈትሽ ቆየ። በመጨረሻ ተነሥቶ እጁን እየጠረገ «አይዞሽ እኅቴ፤ ቀለበት ይገዛል» አላት። ሚስቴ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ልታሳፍረው አልፈለገችም፤ እሱ ምን አደረገ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች። ልብሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። ከወለደች አራት ወር ሊሞላት ነው፤ እኔ ስለ ልጁ አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም።

«ወንድ ነበር ሴት?» አልኳት።

ቆመች። «ሴት» አለች። «ስም አውጥቼላት ነበር።»

«ማን አልሻት?»

ዞራ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

«ብነግርህ የት ልትደፋው?» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

ሰርዶው ያዘ። በሐምሌ ግቢውን ሸፈነው፤ በመጣው በጋም ጠብታ ሳይጠጣ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ። ወረታ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እየመጣ «እስቲ ከዚህ ሐረግ ትንሽ» ይለኝ ጀመር፤ የመምህሩ ሰርዶ ተባለ። ሚስቴ እንስራዋን ለቤት ውሃ ብቻ አደረገችው፤ ወገቧም ዳነ። ያሰብኩት ሁሉ ሆነልኝ ማለት ነው። ሁለት ወንዶች ወለደችልኝ፤ አሳደገች፤ ዳረች። ከልጆቿ ጋር ስትጫወት ያ የከንፈሯ ጫፍ ሳቅ አንዳንዴ ብቅ ይላል፤ እኔ ስገባ አይጠፋም፣ ግን ለእኔ አይደለም። ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ እናቴን በምስጢር ጠየቅኋት። «እናቷ ካልነገረችህ እኔ ማን ነኝ ብዬ እነግርሃለሁ» አለችኝ። ያን ይዛ ሞተች።

ሚስቴ ስትታመም ከአልጋዋ አልተለየሁም። ውሃ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። መጨረሻዋ ሲቃረብ «ስሟን» አልኳት፤ የማንን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ልትነግረኝ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። እጄን ጫን አደረገችልኝ፤ ዓይኗንም መልሳ ከደነች።

አሁን በየዓመቱ የሙታኖቼን መታሰቢያ ሳደርግ ቄሱ በጸሎት የሚያነሡትን ስም ይጠይቁኛል። የአባቴን፣ የእናቴን፣ የአጎቴን፣ የሚስቴን የክርስትና ስም እነግራቸዋለሁ። «ሌላስ አለዎት?» ይሉኛል።

«ሌላ የለኝም» እላቸዋለሁ።